«ወገቤን ያዘኝ»፦ ድንገት የሚመጣ የወገብ ህመም የሚናገረውና የማይናገረው

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ውርጩ ገና ከገለባው ላይ ሳይነሳ፣ አጎቴ ከጎረቤታቸው ጋር ሆነው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገብስ አህያ ላይ ጫኑ። ሲጭኑ ምንም አልሆኑም። ቀጥለው መሬት የወደቀውን መጫኛ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። አህያዋ ራመድ ስትል ወደ ግራ ጠመም አሉ። በቃ። እንደጎበጡ ቀሩ። ቀና ማለት የለ፣ መቀመጥ የለ። ሁለት ሰው ደግፎ አልጋ ላይ አዋላቸው።

ማታ ደወሉልኝ።

«ወገቤ ቅንጥስ አለ» አሉኝ። «ሁለቱን ሙክት ሸጬ አዲስ አበባ ልሂድና ኤምአርአይ ልነሳ።»

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ጀሪካን ሳነሳ እንደዚሁ ተይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሳነብና የሚያውቁትን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ህመሙ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሽንትዎ ይመጣል?»

«ምን ያለው ጥያቄ ነው ደግሞ! ወገቤን ነው እንጂ ያመመኝ።»

የጥያቄውን ምክንያት እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ዋናውን ልናገር። ወገብ ድንገት ሲይዝ አብዛኛው ሰው አንድ ሂሳብ ይሠራል፦ በጣም ካመመኝ፣ በጣም ተጎድቻለሁ። ወገብ ላይ ይሄ ሂሳብ አይሠራም። ሰውን አስጎንብሶ የሚያስቀር ህመም በሁለት ሳምንት ሊለቅ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚነዘንዝ፣ ሥራ እንኳ የማያስፈታ ህመም ደግሞ አከርካሪን የሚበላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ገንዘባችንን ያለቦታው የምናወጣው፣ ፈጥነን መሄድ ያለብን ጊዜ ደግሞ ቤት የምንቀመጠው በዚህ ሂሳብ ነው።

ምኑ ነው የሚያመው?

የታችኛው ወገባችን አምስት አጥንቶች የተደራረቡበት ነው። በየመሃላቸው ዲስክ የምንለው ትራስ አለ። ዙሪያው ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳና እርጥብ ነው። ከኋላ በኩል ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። ይህን ሁሉ ጅማትና ጡንቻ ጠፍሮ ይይዘዋል። ከእነዚህ አንዱ ከልክ በላይ ሲሳብ ወይም ሲቆጣ፣ ጡንቻው ባንድ ጊዜ ይኮማተራል። አጎቴን እንደጎበጡ ያስቀራቸው ይሄ ነው። ጡንቻው ወገቡን ለመከላከል ብሎ ይጨብጣል፤ ጭብጡ ራሱ ግን ከመጀመሪያው ጉዳት በላይ ያማል።

ከእነዚህ የትኛው እንደተነካ በእርግጠኝነት የሚታወቀው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ወገቤን ብለው ከሚመጡ አስር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ፣ «ይሄውላችሁ» ተብሎ በጣት የሚጠቆም አንድ ጉዳት አይገኝባቸውም። ይሄ ሰውን አያረካም፣ አውቃለሁ። ታምሞ የሄደ ሰው የበሽታውን ስም ይዞ መመለስ ይፈልጋል። ግን ስም አለመኖሩ ጥሩ ዜና ነው። ስብራት የለም፣ ኢንፌክሽን የለም፣ ዕጢ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ህመም አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ በደንብ ይሻላል።

«ዲስኬ ተንሸራተተ» የሚለው ነገር ደግሞ አለ። እውነቱን ለመናገር ዲስክ አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። የሚሆነው ሌላ ነው። ጠንካራው ዙሪያ ይሳሳል ወይም ይሰነጠቃል፣ የመሃሉ ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ይገፋል። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚሆነው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። የተገፋው ነገር ነርቭ ከነካ ህመሙ ወገብ ላይ አይቆምም። በመቀመጫ በኩል ወርዶ፣ ጭን አልፎ፣ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ይወርዳል። እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ሳያቲካ የሚባለው ይሄ ነው። ይሄም ቢሆን በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የወጣውን ነገር ሰውነት በወራት ውስጥ ራሱ መጥጦ ያሳንሰዋል።

ግን ለምን መጫኛው? ለምን ኩንታሉ አይሆንም?

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጀርመን ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገቡ። አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ማን እሺ ይላል! ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ነበር። 20 ኪሎ ሸክም ወገቡን አጉብጦ ሲያነሳ 2.3 ደረሰ። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ነፋስ 0.2 ገደማ ነው፤ አስር እጥፉ ማለት ነው። ያንኑ 20 ኪሎ ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው ግን 1.1 ብቻ ሆነ። 60 ሳንቲ ሜትር አርቆ ሲይዘው 1.8። ሃያ ኪሎ ማለት ያቺ ሁላችንም ቤት ያለችው ቢጫ ጀሪካን ናት፣ ሞልታ። ከክብደቷ እኩል፣ ከሰውነት ምን ያህል እንደራቀች ለውጥ ያመጣል።

ወገብ ይሄን ሁሉ ይችላል ደግሞ። ደካማ ዕቃ አይደለም። አጎቴም ለአርባ ዓመት ኩንታል ሲጭኑ ኖረዋል። ኩንታሉን ሲያነሱ ተዘጋጅተው፣ ተነጋግረው፣ ትንፋሽ ሰብስበው ነው። ለገመዱ ማን ይዘጋጃል? በሲድኒ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ድንገት ወገባቸውን የተያዙ ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ይሄንኑ ያሳያል። ያልተመቸ አቋም፣ ድካም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው ላይ እያሉ ሐሳብ መሰረቅ ህመሙን ይጠራሉ። የአህያዋ መራመድ በሉት። ህመሙ በብዛት የሚጀምረው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ጠዋት ምን አለ? ሌሊት ስንተኛ ዲስኮቹ ውሃ ይመጥጣሉ። ጠዋት ከማታው በአንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ረዝመን ነው የምንነሳው። ያበጠ ዲስክ ሲጎነብሱበት ይበልጥ ይወጠራል። እኛ አገር ደግሞ የማጎንበስ ሥራ ሁሉ የጠዋት ነው። በረት መጥረግ፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ላም ማለብ፣ ምድጃ ሥር እሳት ማያያዝ። ከአልጋ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ የሚሠራውን ማስቀደም ምንም አያስከፍልም።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። «ብርድ መታኝ» የማይል የለም። የሲድኒ ሰዎች የአየር ሁኔታንም አጥንተው ከሙቀት መጠንም ከዝናብም ጋር ግንኙነት አላገኙም። ሲድኒ ግን ውርጭ የት ታውቃለች? ስለዚህ እኔ ብርዱን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣውም። በብርድ የደረቀ ጡንቻ ይዞ መጎንበስ ያስቸግራል። ዋናው ጥፋተኛ ግን አይመስለኝም። ብርድ ነው ብሎ መዝጋት ጣጣው፣ ሌላ ምክንያት ሲኖር መፈለጉን ማስተው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ድሮ ሐኪም ራሱ «ጠንካራ አልጋ ላይ ሳምንት ተኛ» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ ይሄ ተፈተነ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ። ሁለተኛው የወገብ ስፖርት ሠራ። ሦስተኛው ህመሙ በፈቀደለት መጠን የተለመደ ኑሮውን ቀጠለ። ቶሎ የተሻለው ሦስተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተገልብጧል።

ይሄ ማለት በማግስቱ ኩንታል ተሸከሙ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ጋደም ማለት ያለ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ከጉልበት በታች ያለውን እግር በርጩማ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ላይ ማሳረፍ ጡንቻውን ያላላዋል። በጎን የሚተኛ ጉልበቶቹ መሃል ትራስ ያድርግ። ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብሎ መነሳት የለም። መጀመሪያ በጎን መዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ በክንድ ገፋ አድርጎ መቀመጥ፣ ትንሽ ቆይቶ መቆም። ለአጎቴ በስልክ ይሄን ሳስረዳ ሚስታቸው አጠገባቸው ሆና «እንደ እርጉዝ ማለት ነው» አለች። ልክ ናት። ከዚያ በየሰዓቱ ተነስቶ እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ አጥሩ። መራመዱ ሊያም ይችላል። ማመሙ ግን ጉዳቱን እያባባሱት ነው ማለት አይደለም።

ሙቀት ይረዳል። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ወገብ ላይ ማድረግ ነው። ቆዳው የደነዘዘ ሰው ብቻ እንዳይቃጠል ይጠንቀቅ።

መድኃኒት ላይ ትንሽ ልቆይ። ፓራሲታሞል ሁሉም ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከ1,600 በላይ ሰዎች ላይ ሞክሮት፣ ለድንገተኛ የወገብ ህመም ምንም ከሌለበት ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ሁለቱም ወገን ለመዳን ሁለት ሳምንት ከምናምን ፈጀባቸው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ትንሽ ይሻላሉ። ትንሽ ነው ያልኩት። ለጥቂት ቀናት፣ ምግብ ተበልቶ፣ በታዘዘው መጠን። ጨጓራ ያለበት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሳትጠይቅ አትጀምር። ሁለቱ ደግሞ አንድ ዘር ናቸው፤ አብረው አይወሰዱም። ብርዱን ለመርሳት ተብሎ በላዩ ላይ አረቄ ከተጨመረ ጨጓራው አለቀለት።

ይሄን የማውቀው በራሴ ሆድ ነው። ያኔ ወገቤን ሲይዘኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። እግሬን አላነሳም፣ ወገቤን አልነካም። «ዲስክህ ተንሸራቷል» አለኝ። ዲክሎፌናክ ተወጋሁ፤ በከረጢት የሰጡኝ ክኒን ውስጥ ደግሞ አይቡፕሮፌን ነበረበት። ወገቤ በሳምንት ለቀቀኝ። ጨጓራዬ ሁለት ሳምንት ነደደ። ከሁሉ የከፋው ግን ያቺ ቃል ናት። ዲስኬ ከቦታው ወጥቷል ብዬ ለአንድ ዓመት ልጄን አላቀፍኩም። እሷ እጇን ስትዘረጋ እኔ ወንበር ፈልጌ እቀመጥ ነበር።

በደንብ የሚመረምር ሰው አስር ደቂቃ አይፈጅበትም። ያስተኛችሁና እግራችሁን ሳይታጠፍ ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ ህመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቭ ተነክቷል ብሎ ይጠረጥራል። በተረከዝ፣ ከዚያ በእግር ጣት ያስኬዳል። የአውራ ጣትን ጉልበት በእጁ ገፍቶ ይፈትናል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ መታ መታ ያደርጋል። አጥንቱን በጣቱ እየተጫነ ይወርዳል። ሙቀት ይለካል። ይሄ ካልተደረገላችሁ ምርመራ አልተደረገላችሁም፤ ምን ዓይነት ማሽን ቤቱ ቢኖር።

ወጌሻን በጅምላ አልኮንንም። ለጠነከረ ጡንቻ ለስለስ ያለ እሽት ደስ ይላል፣ ያፍታታል። ወገብን ጠምዝዞ ማስጮህ፣ ጀርባ ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። አጥንታቸው የሳሳ አሮጊት ወይም አከርካሪው በነቀርሳ (በቲቢ) የተበላ ሰው ላይ ይሄ ከተደረገ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ዋግምትም በምላጭ ከሆነ ቁስሉና የምላጩ ንጽሕና ያሳስበኛል።

ኤምአርአይ

አጎቴ «ውስጡ ሳይታይ እንዴት ይታከማል?» አሉኝ። የሚያሳምን ጥያቄ ነው። ግን ይሄን ስሙ። ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሷቸው ምስሎች ተሰብስበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት ከመቶ 37ቱ ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል። በሃምሳዎቹ 80 በመቶ። በሃምሳዎቹ ካሉት 60 በመቶዎቹ ዲስካቸው ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ልብ በሉ፣ የማያማቸው ናቸው!

አጎቴ ሃምሳ አምስት ናቸው። ሙክቶቹን ሸጠው ቢሄዱ ባዶ እጃቸውን እንደማይመለሱ እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀቱን ሰፈር ያለ ተማሪ ያነበዋል። «ዲጄኔሬሽን» የሚለው ላይ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው እርሻ ላይ ቢወጣ ሚስት ትቆጣለች፣ ልጆች ይቆጣሉ። የምስሉ ጣጣ ከገንዘቡ ይበልጣል።

ኤምአርአይ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ፣ ወደ እግር የሚወርደው ህመም ከስድስት ሳምንት በኋላም አልለቅ ብሎ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ። ያን ጊዜ በግም ይሸጥ፣ በሬም ይሸጥ።

ኮርቻው

አሁን ወደ ሽንቱ ጥያቄ። የአከርካሪው ዋና ገመድ ወገብ መጀመሪያ ላይ ያልቅና ከዚያ በታች የነርቮች ጭፍራ ይሆናል። የጥንት ሐኪሞች በላቲን የፈረስ ጭራ ብለውታል። መንዜ ፈረስ ያውቃል፣ ስለዚህ ለማስረዳት አይከብድም። ትልቅ ዲስክ ወጥቶ ይሄን ጭራ ከጨፈለቀው፣ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው አካባቢ ሁሉ ይደነዝዛል። ብልትና ፊንጢጣ ዙሪያ፣ የጭን ውስጥ። ሽንት እንቢ ይላል ወይም ሳያውቁት ያመልጣል። ሰገራም እንዲሁ። ሁለቱም እግር ይዝላል። ይሄ ሲሆን ነገ የለም። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ከዘገየ ሽንትን መቆጣጠር ላይመለስ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አሳፋሪ ስለሆነ ግን ሰው አይናገረውም፤ በተለይ አባቶችና እናቶች። ጠይቋቸው።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ጸጥተኛው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው ብሎ ከመደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም፤ አከርካሪ ውስጥም ይገባል። ሳል ላይኖር ይችላል። ህመሙ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሌሊት አይተውም፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይብሳል። ሰውየው ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ጀርባው ላይ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ታማሚው ግን ህመሙ «የሚቻል» ስለሆነ ዓመት በእሽትና በቅባት ያሳልፋል። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት ከወገብ ህመም ጋር ከያዘው ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ ይታሰብ። ወተት ማፍላት ያስቀረዋል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ወድቀው ወይም በዕድሜ ገፍተው ድንገት ያመማቸው ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ራጅ ያስፈልጋል። የኩላሊት ጠጠር ያንቆራጥጣል። ሰውየው ይንከባለላል፣ የሚመቸው አቋም የለም፣ ህመሙ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። የጡንቻው ህመም ግን በተቃራኒው ድርቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል፣ ልብስ ሲነካው የሚለበልብ ከሆነ ቆዳውን ተመልከቱ፤ አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት በህመም ሊጀምር ይችላል፣ መድኃኒቱም ሽፍታው ከወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚበጀው። ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችል ሴት ድንገት ሆዷንና ወገቧን ካመማት፣ ካዞራትም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ለአጎቴ እነዚህን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሽንት አለ። ድንዛዜ የለም። ትኩሳት የለም። መውደቅ የለም። አልከሱም፤ እንዲያውም ጾሙ ሳይገባ ጥሩ በልተዋል። ህመሙ ከመቀመጫቸው በታች አልወረደም። በማግስቱ በአቅራቢያቸው ያለ ጤና ጣቢያ በእግራቸው፣ በዝግታ ሄዱ። አንዲት ወጣት ነርስ እግራቸውን አንስታ፣ ጣታቸውን ገፍታ፣ ሙቀት ለክታ፣ «አባባ፣ ይራመዱ» ብላ የአምስት ቀን መድኃኒት ሰጠቻቸው። ሐኪም ያላየኝ ብለው ትንሽ ተነጫነጩ።

ይመለሳል ወይ? ሊመለስ ይችላል። አንዴ የያዘው ሰው በዓመቱ ውስጥ እንደገና ቢይዘው የሚገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በየጊዜው ርዝመቱን እየጨመሩ በእግር የተጓዙ ሰዎች ህመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን እንደወሰደ፣ ያልተጓዙት ግን 112 ቀን እንደሆነ አሳይቷል። ግቡ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነበር። መንዝ ላይ ይሄ ቀልድ ነው፤ ገበያ ደርሶ መመለስ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። የሚመለከተው እኛን፣ ደብረ ብርሃን ከሥላሴ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ የምንሄደውን ነው። የገበሬው ጉዳይ ሌላ ነው፦ ሸክሙ። «ጉልበት አጥፋችሁ አንሱ» የሚለው ሥልጠና ብቻውን ህመሙን እንዳልቀነሰ ጥናቶች ያሳያሉ። የሚሻለው ኩንታሉን ለሁለት ከፍሎ መሙላት፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ሲደክሙ መቆም፣ ሲዞሩ ወገብን ሳይሆን እግርን ማዞር ነው።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰው ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት አውድማ ላይ ነበሩ፤ መንሽ ይዘው ሳይሆን ሌላውን እያዘዙ። ሙክቶቹን ለገና ገበያ አወጧቸውና ጥሩ ዋጋ አወጡ። መጫኛውን አሁን የሚያነሳው ታናሹ ልጃቸው ነው።